ያረጀ መደብር ለማን ይታደሳል?

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ብረት ዓምድና ስለ መስታወት ጣሪያ ለመጻፍ ብዕር ማንሣታችን የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችንን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። መቼም ሕንፃ እስኪቆም ድረስ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። ከቆመ በኋላ ግን የሚኖርበት፣ የሚገበያይበት፣ በደጁም የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ይልቁንም አርጅቶ «ይፍረስ» ወይም «ይታደስ» የሚል ክርክር የተነሣበት እንደ ሆነ ነገሩ ከሲሚንቶ አልፎ የታሪክና የኑሮ ጥያቄ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት በፈረሰበት ጊዜ በየሻይ ቤቱ የተደረገውን ክርክር ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም። አንደኛው ወገን «ቅርስ ነው፤ እንዳይነካ» ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ያዘመመ ጭቃ ነው፤ ይጠረግ» ይል ነበር። ሁለቱንም ስናዳምጥ አንድ ነገር ሳይነሣ እንደ ቀረ አስተዋልን፤ ይኸውም ቤቱ አይፍረስ ከተባለ ምን ይሠራበታል? ማንስ ይገባበታል? የዕድሳቱንስ ወጪ ማን ይሸከማል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ በሌላ አገር የተደረገውን ስንመለከት ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ፈረንጆች «ዲፓርትመንት ስቶር» የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ታላቅ መደብር» የምንለው የሕንፃ ዓይነት ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሕንፃ ንግዱ ሲሞት በጣም ትልቅ፣ በጣም ያማረ፣ ለሌላ ሥራም በጣም አስቸጋሪ ሆኖ የሚቀር ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የሁለት መደብሮችን ታሪክ፣ አንዱን ከፓሪስ፣ አንዱን ከአሜሪካዊቱ ከተማ ከሜምፊስ፣ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚህ በተባዛ ወረቀት ፎቶግራፍ ቢወጣ ጥቁር እድፍ ከመሆን ስለማያልፍ፣ ሥዕሉን በቃል ለማሳየት እንሞክራለን።

ታላቅ መደብር ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ከመርፌ እስከ አልጋ የሚሸጥበት፣ ዕቃውም በየክፍሉ ተለይቶ የሚታይበት ሱቅ ነው። ዛሬ ይኽ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት በፓሪስም ቢሆን ወደ ሱቅ ገብቶ ሳይገዙ መውጣት ነውር ነበር። ዕቃው ከባንኮኒው ኋላ ተቆልሎ ባለ ሱቁ ሲፈቅድ ይወርዳል፤ ዋጋውም በክርክር ነው። መርካቶ ወርዶ አንድ ኮት የገዛ ተማሪ ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለው ነጋዴ ከ1852 ጀምሮ በቦን ማርሼ መደብር ይኽን ልማድ ለወጠው። መግባቱ ነጻ፣ ዋጋው ቁርጥ ሆነ፤ የገዛውን ያልወደደም መመለስ ተፈቀደለት። በዚህም ምክንያት የሀብታም ባለቤትና የልብስ ሰፊ ሴት በአንድ በር ገብተው አንዱን ጨርቅ በአንድ ዋጋ ያዩ ጀመር። ይኽን «አንድ በር» አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ዕቃ ሁሉ እንዲታይ ብርሃን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መብራት ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ደግሞ ጥሩ ብርሃን የሚመጣው ከሰማይ ነው። ስለዚህ አርክቴክቶቹ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ ትተው ሕንፃውን በብረት አጽም አቆሙት። የብረት ዓምድ ቀጭን በመሆኑ ወለሉ ሰፊ፣ መስኮቱም ግዙፍ ሆነ። ከሕንፃው መኻል ከምድር እስከ ጣሪያ ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ክፍቱንም በመስታወት ከደኑት፤ ፎቆቹ በክፍቱ ዙሪያ እንደ ሰገነት ተደረደሩ። በዚያው መኻል ትልቅ ደረጃ ተሠራ። ገበያተኛው ደረጃውን ሲወጣ የየፎቁን ዕቃ ያያል፤ እርሱም በሌሎች ይታያል። ንግዱ ከዚህ መተያየት ብዙ ጥቅም አግኝቷል።

ደራሲው ኤሚል ዞላ በ1883 ያሳተመውን ስለ እንዲህ ያለ መደብር የሚተርክ ልብ ወለድ ሲያዘጋጅ ስለ ሕንፃው አሠራር ፍራንዝ ዡርዳን የተባለውን አርክቴክት ጠይቆ ነበር። ዡርዳን ለደራሲው በወረቀት ያቀረበውን ዓይነት ሕንፃ ከሃያ ዓመት በኋላ በብረት የመሥራት ዕድል ገጠመው። እርሱም ሳማሪቴን የተባለው መደብር ነው። (ልብ ወለድ ከሕንፃ የቀደመበት ታሪክ መሆኑን ለኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ስናስታውሳቸው በትሕትና ነው።)

የሳማሪቴን ስም ለኛ እንግዳ አይደለም። በሴን ወንዝ ላይ ባለው በፖን ኔፍ ድልድይ አጠገብ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ውኃ የሚስብ መሣሪያ ነበረ። በላዩም ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ውኃ አጠጪኝ ያላት የሳምራዊቲቱ ሴት ምስል ስለ ነበረበት ሰው ሁሉ «ሳማሪቴን» ይለው ነበር። መሣሪያው በ1813 ፈረሰ፤ ስሙ ግን ከሰፈሩ አልጠፋም። ኤርኔስት ኮኛክ የተባለ በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ ሰው በድልድዩ ላይ ጥላ ዘርግቶ ጨርቅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 በዚያው አቅራቢያ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በ1872 በቦን ማርሼ ሻጭ የነበረችውን ማሪ ሉዊዝ ዣይን አገባ። ሱቁን ወደ ታላቅ መደብር ያሳደጉት ሁለቱ አብረው ነው። ልጅ አልወለዱም፤ በ1916 ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅትና ኮኛክ ለፓሪስ ከተማ የተወው የሥዕል ስብስብ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

ዡርዳን ከ1905 እስከ 1910 የሠራው ዋናው ሕንፃ አጽሙን የማይደብቅ ነበር። ብረቱ ከውጭም ከውስጥም በግልጽ ይታያል። ፊቱን በኢናሜል በተቀባ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አስጌጠው፤ ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም በአበባና በቅጠል ተጠላልፎ ከሩቅ ይጣራል። በመጨረሻው ፎቅ፣ ከመስታወቱ ጣሪያ ሥር፣ ልጁ ፍራንሲስ የነደፋቸው ጣዎሶች በቢጫ ላይ ተሳሉ፤ ይኽም ሥዕል 3 ሜትር ተኩል ከፍታ ኖሮት ክፍቱን 115 ሜትር ያህል ይዞራል። ይሁንና የሰው ጣዕም ቶሎ ይለወጣል። ከ1926 እስከ 1928 ዡርዳን ከአንሪ ሶቫዥ ጋር ሆኖ ሕንፃውን ወደ ወንዙ ባሰፋ ጊዜ አዲሱ ክፍል ብረቱን በድንጋይ ሸፍኖ ጨዋ መስሎ ቀረበ። ጣዎሶቹም በኋላ ዘመን በነጭ ቀለም ተለቅልቀው ተደበቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ሳማሪቴን ምንም ሕንፃው ቢያምር የቅንጦት ቤት አልነበረም። የሠራተኛ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የእጅ መሣሪያ ይሸጥ ነበር፤ ማስታወቂያውም ሁሉ ነገር በሳማሪቴን ይገኛል የሚል ነበር። የከተማው ሕዝብ የሚያውቀው በዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን እንደ ሌሎቹ ታላላቅ መደብሮች ሁሉ ደከመ። ባለ መኪናው ከከተማ ውጭ ወዳሉት ሰፋፊ ገበያዎች ሄደ፤ ልዩ ልዩ ሱቆችም እያንዳንዳቸው የመደብሩን አንዳንድ ክፍል ነጠቁት። በ1990 ዋናው ሕንፃ በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዘገበ። በ2001 ኤል.ቪ.ኤም.ኤች. የተባለው የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ገዛው፤ በ2005 በጁን ወር ደግሞ በእሳት አደጋ ሥጋት ተዘጋ። በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ማኅበሮቻቸውም ምክንያቱ እሳቱ ብቻ መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር። መደብሩ እንደገና እስኪከፈት 16 ዓመት ሆነ።

የእሳቱ ሥጋት ሰበብ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ግን አይገባም፤ የትምህርታችን ዋና ክፍልም እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ሕንፃዎች ውበትና አደጋ ከአንድ ምንጭ ይመነጫሉ። ብርሃን ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ የተተወው ክፍት ቦታ፣ እሳት ሲነሣ ጢሱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት የጭስ ማውጫ ይሆናል። ዕርቃኑን የቆመው ብረትም ቢሆን እንጨት ባለመሆኑ ብቻ እሳትን አይችልም፤ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ይጐብጣል፤ ወለሉም ይከተለዋል። ታላቁ አርክቴክት ቪክቶር ሆርታ በብራስልስ የሠራው ኢኖቫሲዮን የተባለው መደብር በ1967 በሜይ 22 ቀን በገበያ ሰዓት ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀውበታል። እንግዲህ «ቅርስ ነው፤ እንዳይነካ» የሚል ሰው ይኽን ቀን ማስታወስ አለበት። ያልተነካ ታላቅ መደብር ሰው የማይገባበት መደብር ነው።

ሁለተኛው ችግር የወለሉ ጥልቀት ነው። ለንግድ ሰፊ ወለል መልካም ነው፤ ገበያተኛ መስኮት አይፈልግምና። ለመኖሪያ ግን ከመስኮት ሰባት ስምንት ሜትር ገባ ያለ ክፍል ጨለማ ነው፤ ሰው ሊተኛበት እንጂ ሊኖርበት አይችልም። ለቢሮም ቢሆን ያስቸግራል። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ መብራት ከመጣ በኋላ በብዙ መደብሮች ባለ ንብረቶቹ የመኻሉን ክፍት በወለል እየደፈኑ የመሸጫ ቦታ አድርገውታል። ስለዚህ የዛሬው አዳሽ የሚረከበው ብዙ ጊዜ መኻሉ የታወረ ሕንፃ ነው። አንድ ዓይነት ግልጋሎት ብቻ ይኽን ሁሉ ወለል ሊሞላው አይችልም፤ ድብልቅ ግልጋሎት የሚባለውም አሳብ የመጣው ከዚህ ችግር እንጂ ከፋሽን አይደለም። ብርሃን የሚሻው፣ ማለት መኖሪያና መማሪያ፣ ወደ ዳር ይወጣል። ብርሃን የማይሻው፣ ማለት ቴአትር፣ መጋዘን፣ መሸጫ፣ ወደ መኻል ይገባል። ምድር ቤቱ ለመንገደኛ ይከፈታል። አንዱ ተከራይ ቢከስር ሌላው ጣሪያውን ይሸከማል።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። በጠቅላላው 70,000 ካሬ ሜትር ያህል የሆነው የሳማሪቴን ሕንፃ እንዲህ ተከፋፈለ። ወንዙን የሚያየው የሶቫዥ ክፍል 72 ክፍሎች ያሉት እጅግ ውድ ሆቴል ሆነ። የዡርዳን ክፍል መደብርነቱን ቀጠለ። ቢሮዎች ተጨመሩ። ከከተማው አስተዳደር ጋር በተደረገው ስምምነት ደግሞ በመጠነኛ ኪራይ የሚሰጡ 96 የመኖሪያ ቤቶችና 80 ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ በዚያው ተሠሩ። ወጪው 750 ሚሊዮን ኤውሮ ደረሰ፤ መደብሩ በ2021 በጁን ወር ተከፈተ፤ ሆቴሉም በዚያው ዓመት ተከተለ።

የዕድሳቱ ሥራ ራሱ ባለሙያ ሊማርበት የሚገባ ነው። የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና አርክቴክት የሆነው ዣን ፍራንሷ ላኞ በመራው ሥራ ጣዎሶቹ ከነጩ ቀለም ሥር ወጥተው ተጠገኑ፤ የትልቁ ደረጃ የባሉጥ እንጨት መርገጫዎች ተመለሱ፤ የውጭው ኢናሜል ተጠርጎና የጎደለው ተሞልቶ የድሮ ቀለሙን አገኘ። የመስታወቱ ጣሪያ በአዲስ መስታወት ተለወጠ፤ ይኽ መስታወት በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ፀሐዩ ብርታት የሚጠቁርና የሚነጣ ስለ ሆነ የበጋው ሙቀት ከሥሩ ያለውን ሰው አይቀቅለውም። አሮጌ መልክ በአዲስ ዘዴ የሚጠበቅበትን አሠራር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

በሪቮሊ ጎዳና በኩል ያለው ወገን ግን ከባድ ክርክር አስነሣ። በዚያ በኩል የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፣ በ2010 የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኙት ጃፓናውያን ካዙዮ ሴጂማና ርዩኤ ኒሺዛዋ የነደፉት ፊት ተተካ። ፊቱ እንደ ውኃ ሞገድ የሚታጠፍ መስታወት ነው። የፓሪስ ሰው ምላሱ ስለት ነውና «የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ» ብሎ ቀለደበት። የቅርስ ተቆርቋሪ ማኅበራት ባለ ገንዘቦቹን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ የጎዳናው ቤቶች ሁሉ ድንጋይ ለብሰው ሳለ አንዱ ብቻ መስታወት መልበሱ የከተማውን ደንብ ይጥሳል አሉ። በ2014 የፓሪስ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የግንባታውን ፈቃድ ሰረዘ፤ በ2015 በጃኑዋሪ የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው፤ ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት በጁን የመጨረሻው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ኮንሴይ ዴታ ፍርዱን ገልብጦ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ።

እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ያ ሁሉ ጋዜጣ የተከራከረው ሕንፃው ምን ይልበስ? በሚለው ላይ ነው። የሠራተኛ ልብስና መዶሻ ይገዛ የነበረው ሕዝብ ወዴት ይሂድ? የሚለው ግን የማንም ፍርድ ቤት ጉዳይ አልሆነም፤ የሚከስበት ሕግ የለውምና። በ2021 የተከፈተው ሳማሪቴን ሽቶና የከበረ ቦርሳ የሚሸጥበት መደብር ነው። ማንም ሰው ገብቶ ጣዎሶቹን በነጻ ማየት ይችላል፤ በሩ አልተዘጋበትም። ነገር ግን በቡሲኮ ዘመን «አንድ በር» ማለት ገብቶ ማየት ብቻ አልነበረም፤ ገብቶ መግዛትም ነበር። የ96ቱ ቤቶች ነገር በእርግጥ ቀላል አይደለም፤ በፓሪስ መኻል፣ ከሉቭር ሙዚየም አጠገብ፣ መጠነኛ ገቢ ያለው ቤተ ሰብ እንዲኖር ማድረግ ብዙ ከተሞች ያልደፈሩት ነው። ለጣዎሶቹ የከፈለው የሆቴሉ እንግዳ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እኛ ይኽን ስምምነት አንንቀውም። የምንለው፣ ስምምነት መሆኑ ይታወቅ ነው።

አሁን ወደ ሜምፊስ እንሻገር። ይኽች ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች፣ ፓሪስ የምታውቀው ዓይነት ሀብት የሌላት ከተማ ናት። ሲርስ ሮበክ የተባለው ኩባንያ በካታሎግ ዕቃ እያሳየ በፖስታ ቤት የሚልክ ነጋዴ ነበርና፣ በ1927 ለዚህ ሥራ ትልቅ ማከፋፈያ ከመደብር ጋር አጣምሮ በ180 ቀን አስገነባ። ከዚያ በኋላ እየተቀጠለ እየተቀጠለ 140,000 ካሬ ሜትር ያህል ደረሰ፤ ይኽም የሃያ እግር ኳስ ሜዳ ስፋት ነው። ጣዎስ የለበትም፤ አርማታና ጡብ ነው፤ ውበቱ በግዙፍነቱና በማማው ነው። መደብሩ በ1983፣ ማከፋፈያው በ1993 ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ከሃያ ዓመት በላይ መስኮቱ እየተሰበረ ባዶውን ቆመ። በዙሪያው ያለው ሰፈርም አብሮት ደኸየ።

የሚገዛው ቢመጣ ኖሮ ነገሩ እንደ ፓሪስ በሆነ ነበር። ግን ማንም አልመጣም። በ2010 ቶድ ሪቻርድሰን የተባለ በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ ከክሪስቶፈር ማይነር ጋር ሆኖ ክሮስታውን አርትስ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። (የአርትስ ፋኩልቲ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ስላልነበራቸው ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመሩት። አስቀድመው ሕንፃውን አድሰው ተከራይ አልፈለጉም፤ አስቀድመው ተከራይ ፈልገው በተከራዮቹ ቃል ላይ ተመርኩዘው ገንዘብ ለመኑ። ሥራ ኖሯቸው የጤና መድን የሌላቸውን ሰዎች የሚያክመው ቸርች ሄልዝ፣ ሆስፒታሎች፣ የትምህርት ድርጅቶች፣ ሠዓልያን ወደ ውስጥ ለመግባት ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ከልዩ ልዩ ምንጭ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተለቃቀመ።

ከምንጮቹ አንዱ ለኛ ጥናት የሚጠቅም ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ በታሪካዊነት የተመዘገበና ገቢ የሚያስገኝ ሕንፃ ያደሰ ሰው ደንቡን ጠብቆ ለዕድሳት ካወጣው 20 በመቶ ያህሉን ከሚከፍለው ግብር ይቀነስለታል። በዚህ ሕግ ውስጥ ሁለት ብልሃት አለ። አንደኛ፣ መንግሥት ቅርሱን ራሱ አይገዛም፤ ባለቤቱ ከጠበቀው ብቻ ዋጋውን ይጋራል። ሁለተኛ፣ «ገቢ የሚያስገኝ» በማለቱ ሕንፃው የሚሠራ ሕንፃ እንዲሆን ያስገድዳል። ባዶ ሐውልት አድርጎ ማቆም ጥቅም የለውም።

መኻሉ የታወረውን ያን ሁሉ ወለል ብርሃን ለማስገባት አርማታውን ከፎቅ እስከ ፎቅ ቆርጠው ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ክፍት አወጡ። ማለት ዡርዳን በ1905 ለመደብር ያበጀውን መኻል ክፍት እነርሱ በቁፋሮ አገኙት። ወለል መቁረጥ ወለል ማጣት ነው፤ ኪራይ የሚያስብ ሰው ይኽን ሲሰማ ያመዋል። ነገር ግን የተቆረጠው ቦታ የቀረውን አዳነው። በክፍቱ ውስጥ ቀይ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆመ። በ2017 በኦገስት ወር ሲከፈት ክሊኒኩ፣ ቢሮዎቹ፣ የሥነ ጥበብ ማሳያዎቹ፣ ምግብ ቤቶቹና 265 አፓርታማዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ፤ በ2018 ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጨመረ። ለደም ግፊት መድኃኒት የመጣች አሮጊት፣ ለሥዕል ትርኢት የመጣ ወጣት፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪ በአንድ ደረጃ ይተላለፋሉ። ከሁለቱ ምሳሌዎች ለቡሲኮ «አንድ በር» የቀረበው ይኸኛው ይመስለናል፤ ምንም እንኳ ወርቅ ቅጠል ባይኖርበት።

እንዲህ ስንል ሜምፊስን ከነቀፋ ውጭ አናደርጋትም። ትልቅ ሕንፃ በታደሰ ቁጥር በዙሪያው ያለው የቤት ኪራይ መናሩ በየአገሩ የታየ ነገር ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ክሊኒክ መኖሩም ከሕንፃው ውጭ ያለውን ተከራይ ከዚህ አያድነውም። በዚህ በኩል የፓሪሱ ስምምነት ይበልጣል፤ 96ቱ ቤቶች በቃል ኪዳን የታሰሩ ናቸውና።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ይኸውም ሕንፃውን መንግሥት ለአንድ ሥራ የሚወስድበት ነው። ኤሪክ ሜንዴልሶን ለአይሁዳዊው ነጋዴ ለሳልማን ሾከን በጀርመን አገር በኬምኒትዝ የሠራው፣ ፊቱ እንደ ቀስት የተለመጠ መደብር በ1930 ተከፈተ፤ በናዚዎች ዘመን ከባለቤቱ ተነጠቀ፤ በ2014 የሳክሶኒ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ሆነ። ይኸው አርክቴክት ለይኸው ነጋዴ በሽቱትጋርት የሠራው ግን ብዙ ተቃውሞ ቢነሣም በ1960 ፈረሰ። ሙዚየም መልካም ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ የመንግሥት በጀት ይጠይቃል፤ አንድ አገርም ስንት ሙዚየም ይችላል?

ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመጣ እነዚህን ምሳሌዎች እንዳሉ መቅዳት አይቻልም። በአራዳ የነበረው ንግድ የሳማሪቴንን ያህል ሕንፃ አልሠራም። ኢጣሊያኖች በ1937 ከአገር እስኪያስወጡት ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ የሕንድ ነጋዴ የነበረው የመሐመዳሊ ድርጅት እንኳ ሥራውን ያካሄደው በመጠነኛ ሕንፃዎች ነው። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች የሠሯቸው የፒያሳ ቤቶች ባብዛኛው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ፎቅ፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው፣ ጥልቀታቸውም ትንሽ ነው። ስለዚህ የብርሃን ችግር የለባቸውም። ለድብልቅ ግልጋሎትም አዲስ አይደሉም፤ ከመጀመሪያው ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ ሆኖ የተሠሩ ናቸው።

ችግራቸው ሌላ ነበር። በ1975፣ ማለት በሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ የወጣው የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ቤቶቹን ከባለቤቶቻቸው ወስዶ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን በቀበሌ እጅ አስገባ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ በዚያው ስለ ቆየ ድኻው በከተማው መኻል መኖር ቻለ፤ ይኽ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ያ ኪራይ አንድ የቆርቆሮ ክዳን እንኳ የማይገዛ በመሆኑ ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌውም አልጠገነው፤ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ አልጠገነው፤ እንዲጠግንም ፈቃድ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሰገነቱ የረገፈው፣ ግድግዳው ያዘመመው ከዕድሜ ይልቅ በዚህ ሒሳብ ነው። «ጭቃ ነው፤ ይጠረግ» የሚለው ወገን የሚያየው የዚህን ሒሳብ ውጤት ነው።

እንግዲህ የቆሙት ጥቂት ቤቶች ጉዳይ ሲነሣ በፊቱ ላይ ብቻ የሚደረገው ክርክር፣ ቀለሙ ምን ይሁን፣ ሰገነቱ ይመለስ አይመለስ፣ የሪቮሊን ጎዳና ክርክር የሚደግም ይሆናል። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የትኛው ፎቅ የትኛውን ፎቅ ይሸከማል፣ የምድር ቤቱ ሱቅ ኪራይ የላይኛውን ነዋሪ ጣሪያ ሊከድን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ሜምፊስ ላይ ሪቻርድሰንና ጓደኞቹ ተከራይ ፍለጋ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በፒያሳ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ግን ያ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ተከራዮቹ ከነልጆቻቸው እዚያው ነበሩና።